60 ተማሪ ባለበት ክፍል አካቶ ትምህርት፦ ለአንደኛ ክፍል መምህራን የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ለምታስተምሩ ነው። ክፍላችሁ 50ም 60ም ተማሪ ይኖረው ይሆናል። ረዳት የላችሁም። የልዩ ፍላጎት መምህር ካለም ምናልባት ያለው በጉድኝት ማዕከሉ፣ ማለትም ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች ማዕከል በሆነው ትምህርት ቤት ነው። መስከረም ሲጠባ ግን ሮስተራችሁ (የተማሪ ስም ዝርዝራችሁ) ላይ ዓይነ ስውር ልጅ፣ መስማት የተሳናት ልጅ፣ ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ይመዘገባል። ከዚያስ?

አካቶ ትምህርት ማለት አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ክፍል ማስተማር ነው፤ ልጁን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ብቻውን ግን አካቶ አይባልም። ሲያዛጋ ውሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ ተመዘገበ እንጂ አልተማረም። ስለዚህ በየቀኑ የመጨረሻው ደወል ሲደወል ራሳችሁን ጠይቁ፦ ዛሬ ሌሎቹ የሠሩትን እሱም በራሱ መንገድ ሠርቷል? ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ መልሱ "አዎ" እንዲሆን የሚያግዙ ናቸው።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ጥቂት ነው። ጠመኔ፣ ካርቶን፣ የለስላሳ ቆርኪ፣ ሲባጎ፣ ወፍራም ጥቁር ማርከርና አንድ ደብተር። ደብተሩን ለዚህ ሥራ ብቻ ያዙት።

ደረጃ 1፦ ልጁን ከቤት ማውጣት (ከነሐሴ ጀምሮ)

ብዙዎቹ ልጆች ለምዝገባ አይመጡም። ቤተሰብ ያፍራል፤ ወይም "ምን ሊማር ነው" ይላል፤ ወይም መንገዱ ይከብደዋል። እናንተ ሂዱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስለምትዞር ማን ቤት ማን እንዳለ ታውቃለች። የዕድር ዳኛውን፣ የሰፈሩን ካህን ወይም ሼክም ጠይቁ።

አጠያየቃችሁ ላይ ጥንቃቄ ይኑር። በር ላይ ቆሞ "አካል ጉዳተኛ ልጅ አላችሁ?" ለሚል እንግዳ መልሱ "የለንም" ነው። "ዕድሜው ደርሶ ያልተመዘገበ ልጅ አለ?" ብላችሁ ግቡ። ቡና ከቀረበ ተቀመጡ። ለወላጅ የመጀመሪያው ትልቅ ዜና ልጁን ፈልጎ የመጣ መምህር መኖሩ ነው።

ርዕሰ መምህሩ "ባለሙያ የለንም፣ ወደ ልዩ ትምህርት ቤት ይውሰዱት" ካሉ ሕጉን እወቁ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 24 ልጆች በአካል ጉዳታቸው ምክንያት ነፃና ግዴታ ከሆነው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዳይገለሉ ይላል። ሕገ መንግሥታችን ደግሞ በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4፣ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ይደነግጋል። ይህን ቢሮ ገብታችሁ፣ ወላጅ በሌለበት፣ በትሕትና ንገሩ። ርዕሰ መምህሩን ፊት ለፊት ማሳፈር ልጁን አይጠቅመውም። ዓመቱን ሙሉ ትፈልጓቸዋላችሁ።

ደረጃ 2፦ ወላጅን መጠየቅ

ልጁን ከእናቱ በላይ የሚያውቅ ባለሙያ የለም። የሐኪም ወረቀት ካለ ጥሩ፤ ከሌለም ምዝገባ አይቆምም። ለትምህርት የሚያስፈልጋችሁ ልጁ የሚችለውና የሚያስቸግረው ነገር ነው። እንዲህ እያላችሁ ጠይቁ፦

"የአቤል እናት፣ ሲርበው በምን ይነግርዎታል?"
"ሽንት ቤት ብቻውን ይሄዳል?"
"ምን ሲሆን ይደነግጣል? ምን ያረጋጋዋል?"
"መድኃኒት ይወስዳል? በስንት ሰዓት?"
"ቤት ውስጥ ምን ሥራ ያግዝዎታል?"

የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉት። "ምንም አይችልም" ያለች እናት ጥቂት ቆይታ "በግ ይጠብቃል፣ አንድም ጠፍቶበት አያውቅም" ልትላችሁ ትችላለች። በግ የሚጠብቅ ልጅ ይቆጥራል፣ ይለያል፣ ያስታውሳል። ትምህርታችሁን ከዚያ ጀምሩ። መልሱን ደብተሩ ላይ በልጁ ስም ጻፉት።

ደረጃ 3፦ የሁሉንም ልጆች ዓይንና ጆሮ መፈተሽ

"ሰነፍ" ወይም "ረባሽ" ከምንላቸው ልጆች መካከል የማያዩና የማይሰሙ አሉ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መላ ክፍሉን ፈትሹ። ሁሉም ስለሚፈተሽ ማንም አያፍርም።

ለዓይን፣ ባለ ሦስት ጥርሱን ምልክት በተለያየ አቅጣጫ የያዘውን ሰንጠረዥ ከጤና ጣቢያው ተዋሱ። ፊደል ያልቆጠረ ልጅም ጥርሱ ወዴት እንደዞረ በእጁ ማሳየት ይችላል። ብርሃን ባለበት ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ ከዚያ 6 ሜትር ለኩና መሬቱ ላይ በጠመኔ አስምሩ። አንድ ዓይን በመዳፍ ተሸፍኖ (ሳይጫኑት) ሌላው ይፈተሻል። 6/12 የሚለውን መስመር በአንዱ ዓይን እንኳ መለየት ያቃተውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ። ደብተሩን አፍንጫው ሥር አድርጎ የሚያነበውን፣ ዓይኑን የሚያጨናብሰውን፣ ዓይኑ ቀልቶ የሚያለቅሰውንም እንዲሁ።

ለጆሮ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቃችሁ ከልጁ ኋላ ቁሙ። አንዱን ጆሮ በጣቱ ይድፈን። እንደ "ውሃ"፣ "ላም"፣ "ቤት" ያለ ቀላል ቃል በሹክሹክታ ተናገሩና ይድገመው። ደጋግሞ ካልሰማ ይመርመር። ጆሮው መግል የሚያወጣ ልጅ ካያችሁ ቀን አትስጡት፤ የጆሮ ኢንፌክሽን ሲከርም መስማት ይቀንሳል። ወላጅ ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ እንዳያንጠባጥብ ንገሩ።

ደረጃ 4፦ ክፍሉንና ግቢውን ማስተካከል

ክፍሉ ፎቅ ላይ ከሆነና ዊልቸር የሚጠቀም ወይም በክራንች የሚሄድ ልጅ ካለ፣ መላው ሴክሽን ወደ ምድር ቤት ይውረድ። ልጁን ከጓደኞቹ ነጥሎ ወደ ሌላ ሴክሽን ማዛወር መፍትሔ አይሆንም። በየቀኑ ተሸክሞ ማውጣትም አይሆንም፤ ዛሬ የተሸከመው ነገ ይቀራል።

ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ሲሠራ ርዝመቱ ከፍታው ሲባዛ በ12 ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ደረጃ 1 ሜትር ከ80 የሚረዝም ራምፕ ያስፈልጋል። ከዚህ ያጠረው ቁልቁለት ስለሚሆን ልጁን ይገለብጠዋል። ብዙ ትምህርት ቤት የተሠሩት ራምፖች ለሪፖርት ያህል ስለተሠሩ ዊልቸር አይወጣባቸውም። ስለዚህ ግንበኛው ሲመጣ ሜትር ይዛችሁ አጠገቡ ቁሙ። በሩ ሲከፈት ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ነፃ ቦታ ይኑረው። ለገንዘቡ ስኩል ግራንት (ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ድጎማ) ሲታቀድ ቀድማችሁ አስገቡ፤ ካልበቃ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) አሸዋና ጉልበት ያዋጣል።

ሽንት ቤቱን ራሳችሁ ገብታችሁ እዩት። መያዣ ብረት ወይም የተቸነከረ እንጨት ካለ፣ መቀመጫ ከተዘጋጀ፣ በሩም ከውስጥ ከተዘጋ ብዙ ልጅ ከትምህርት ቤት አይቀርም። ሽንት ቤት መሄድ ስለማትችል ብላ ውሃ ሳትጠጣ የምትውል ልጅ ትምህርት አይገባትም።

አቀማመጥ ላይ "ፊት ወንበር" ለሁሉም መድኃኒት አይደለም። ዓይኑ ለደከመ ልጅ ፊት መቀመጡ ይጠቅማል፤ ግን የመስኮቱ ብርሃን ሰሌዳው ላይ የሚያንጸባርቅበት ጥግ ከሆነ ዞር አድርጉት። አልቢኒዝም (የቆዳና የፀጉር ቀለም እጥረት) ያለባት ልጅ ከፀሐዩ መስኮት ራቅ ትበል፤ ክፍል ውስጥም ሰልፍ ላይም ኮፍያዋን አታስወልቋት። በአንድ ጆሮው የሚሰማ ልጅ የሚሰማበት ጆሮ ወደ እናንተ እንዲሆን አድርጋችሁ አስቀምጡት። ድምፅ የሚያስጨንቀው ልጅ ደግሞ ከበሩና ከመንገዱ ይራቅ።

ዓይነ ስውሩን ልጅ ከትምህርት መጀመሪያ በፊት ግቢው ባዶ ሳለ አዟዙሩት። እየጎተታችሁ አትውሰዱት፤ እሱ ክርናችሁን ይያዝና ግማሽ እርምጃ ከኋላችሁ ይራመድ። ከግቢው በር እስከ ክፍሉ፣ ከክፍሉ እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ ሽንት ቤቱ። ምልክቶቹን በእጁ አስነኩት፦ የባንዲራው ዘንግ፣ ሸካራው ግድግዳ፣ የዛፉ ግንድ። ከዚያ ወዲህ ዴስኮቹን ሳትነግሩት አታዘዋውሩ።

ደረጃ 5፦ አንዱን ትምህርት በሦስት መንገድ መስጠት

ዋናው ሥራ ይኸው ነው። እያንዳንዱ ትምህርት በጆሮ ይሰማ፣ በዓይን ይታይ፣ በእጅ ይነካ። ለአራት ዓይነት ልጅ አራት ዓይነት የትምህርት ዕቅድ መጻፍ አያስፈልግም። አንዱ ዕቅድ ሰፋ ብሎ ይጻፍ።

የሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንውሰድ። ትምህርቱ 5 ሲደመር 3 ነው። አምስት አምስት ሆነው ለተቀመጡት ቡድኖች አሥር አሥር ቆርኪ በካርቶን ክዳን አድርጋችሁ ስጡ። ክዳኑ ጠርዝ ስላለው ቆርኪው ተንከባሎ ዴስክ ሥር አይገባም። ለዓይነ ስውሩ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክዳኑን መሐል ላይ በሲባጎ ለሁለት ክፈሉት። "አምስት ቆርኪ በግራ በኩል አስቀምጡ" ስትሉ አምስት ጣታችሁን አሳዩ፤ ሰሌዳው ላይም አምስት ክብ ሥሩ። ከዚያ ሦስቱን በቀኝ። ከዚያ ሲባጎውን ነቅለው አንድ ላይ ይቁጠሩ። የሚሰማው ሰምቷል፤ መስማት የተሳናት አይታለች፤ ዓይነ ስውሩ ነክቷል። የቀሩት 57ቱም በቃል ከመሸምደድ ይልቅ መደመር ምን እንደሆነ በእጃቸው አይተዋል።

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ በዚያው ክዳን፣ በዚያው ሰዓት እስከ ሦስት ይቁጠር። ቀድማ የጨረሰችው ደግሞ ስምንትን በሌላ መንገድ ትሥራ፦ 6 እና 2፣ 7 እና 1። ክብደቱ እንደየልጁ ይለያይ፣ ጨዋታው አንድ ይሁን።

ሰሌዳ ላይ ስትጽፉ የምትጽፉትን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። "ይህ ከዚያ ጋር ሲደመር" የሚለው አባባል ለማያይ ልጅ ባዶ ነው፤ ቁጥሩን ጥሩት። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ አታብራሩ፤ ጽፋችሁ ጨርሱ፣ ዞራችሁ ተናገሩ። ከንፈር የሚያነብ ልጅ ፊታችሁን ካላየ ምንም አያገኝም። መስኮት ከኋላችሁ ከሆነም ፊታችሁ ይጨልማል። ሰሌዳውን በዳስተር ብቻ ሳይሆን በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ የጠመኔ ዱቄት የለበሰ ሰሌዳ ዓይኑ ለደከመ ልጅ ጭጋግ ነው። ለእሱ የዕለቱን ቃላት በማርከር ትልልቅ አድርጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉለት። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል።

ደረጃ 6፦ ፊደል ሲቆጠር የጣት ፊደልም ይቆጠር

አንደኛ ክፍል የፊደል ክፍል ነው፤ ይህን ዕድል አታሳልፉት። በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል ለእያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ አንድ የእጅ ቅርጽ አለ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች የሚለዩት በእጁ እንቅስቃሴ ነው። ማለትም ልጆቹ በ፣ ቡ፣ ቢ እያሉ ሲቆጥሩ እጃቸውም አብሮ ይቆጥራል። መላው ክፍል ይማረው። በየቀኑ አንድ ቤተሰብ፣ አምስት ደቂቃ። ልጆች ከእኛ ይፈጥናሉ፤ ጥቂት ወራት ሳይሞላ መምህር ሲዞር በጣት የሚያወሩ ታገኛላችሁ።

እዚህ ላይ ግን በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። መስማት የተሳናት ልጅ የምልክት ቋንቋ በማይችል መምህር ክፍል ብቻዋን ብትቀመጥ፣ የጣት ፊደል ብቻውን አያስተምራትም። የጣት ፊደል ቃል መጻፊያ ነው፤ ልጅቷ ሙሉ ቋንቋ ያስፈልጋታል። በአቅራቢያ የምልክት ቋንቋ የሚጠቀም ልዩ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ካለ ለወላጆቿ ንገሯቸው፤ በእኔ እምነት ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት እዚያ መማሯ፣ በጨዋታ፣ በሥዕልና በስፖርት ከሌሎቹ ጋር መቀላቀሏ ይሻላታል። ከሌለ ደግሞ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ፈልጉ። የሰፈሩ መስማት የተሳነው ወጣት በሳምንት ሁለት ቀን ክፍላችሁ ቢገኝ፣ እናንተም ልጅቷም ወላጆቿም ትማራላችሁ።

ደረጃ 7፦ ብሬይል

ብሬይልን ራሳችሁ ተማሩ። ስድስት ነጥብ ነው፤ በዓይን አይቶ ማንበብ ይቻላል። ለልጁ መጀመሪያ ስድስት ቆርኪ በሁለት ረድፍ፣ ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ካርቶን ላይ ለጥፉለትና የነጥቦቹን ቦታ በእጁ ይልመድ። ጣቱን ለማሠልጠን ጤፍን ከስንዴ፣ ስንዴን ከባቄላ ይለይ። ስሌትና ስታይለስ (የብሬይል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ) ሲያገኝ አንድ ነገር ያደናግረዋል፦ ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ እየተወጋ ነው፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ቀስ ብላችሁ አስለምዱት። መሣሪያውንና ወፍራሙን ወረቀት ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ጠይቁ፤ የደብዳቤውን ግልባጭ አስቀሩ።

ደረጃ 8፦ ጓደኝነትን ማደራጀት

የለመድነው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት (ተማሪዎች በትንንሽ ቡድን ሆነው የሚረዳዱበት) እዚህ ይጠቅማል። ችግሩ ሁልጊዜ አንዲት ደግ ልጅ ትመረጥና የዓመቱ ረዳት ሆና መቅረቷ ነው። ትሰለቻለች፤ የራሷም ትምህርት ይበደላል። ተራውን በየሳምንቱ ቀይሩ። አካል ጉዳት ያለበት ልጅም ተራው ይድረሰው፤ ይርዳ፣ ጠመኔ ያምጣ፣ ቡድኑን ይምራ፣ በሚኒ ሚዲያው ይናገር። ሁልጊዜ ተረጂ የሆነ ልጅ ጓደኛ አያፈራም።

ለክፍሉ አንድ ሕግ አውጡ፦ ከመርዳት በፊት "ላግዝህ?" ይባላል። "አይ" ካለ ይተዋል። ቅጽል ስም ከወጣ በመጀመሪያው ቀን አስቁሙት። ሁሉም በስሙ ይጠራል።

ዕረፍት ላይ ደግሞ ኳስ አለ። ኳሷን በፌስታል ጠቅልላችሁ እሰሩ፤ ስትንከባለል ስለምትንኮሻኮሽ ዓይነ ስውሩ ልጅ በጆሮው ይከተላታል። ልጆቹ ይህን አንዴ ካዩ ሕጉን ራሳቸው ያወጡታል። የስፖርት መምህሩም "አንተ ተቀመጥ" እንዳይሉ ቀድማችሁ አነጋግሯቸው።

ደረጃ 9፦ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ሲወድቅ

ይህን ሁሉም መምህር፣ ጥበቃውም፣ የክፍል አለቃውም ይወቀው። ክብሪት አይሸተትም። አፉ ውስጥ ማንኪያም ብረትም እንጨትም አይገባም። እጅና እግሩ በጉልበት አይያዝም። በሽታው በለሃጭ አይተላለፍም፤ ስለዚህ ማንም አይሽሽ። በአካባቢው ያለውን ዴስክና ድንጋይ አንሱ፤ ሹራብ አጣጥፋችሁ ጭንቅላቱ ሥር አድርጉ፤ የአንገቱን ቁልፍ ፍቱ፤ በጎኑ አስተኙት። ሰዓት እዩ። 5 ደቂቃ ካለፈው፣ ሳይነቃ በላይ በላዩ ከደጋገመው ወይም ከተጎዳ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ሲነቃ ሙሉ ክፍሉ ከቦ እያየው አይሁን። ልብሱ ረጥቦ ሊሆን ስለሚችል መቀየሪያ ሱሪ ቢሮ ይቀመጥ። መድኃኒቱን በየቀኑ ከወሰደ አብዛኛው ልጅ ሳይወድቅ ይማራል፤ ወላጅ ጠበል ሲወስደውም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ አደራ በሉ።

ደረጃ 10፦ የሚጮኸው፣ የሚነሳው፣ የማያወራው ልጅ

ኦቲዝም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ስም መስጠት የእናንተ ሥራ አይደለም። የቀኑን ቅደም ተከተል በሥዕል ሠርታችሁ ዴስኩ ላይ ለጥፉለት፦ ሰልፍ፣ አማርኛ፣ ዕረፍት፣ ሒሳብ፣ ቤት። የጨረሰውን በቆርኪ ይሸፍን። ቀጥሎ የሚመጣውን ያወቀ ልጅ ብዙ ጊዜ ይረጋጋል። ትእዛዝ ሲሰጠው አጭር ይሁን፦ "አቤል፣ ደብተር አውጣ።" ደወሉ የሚያስጨንቀው ከሆነ ከመደወሉ በፊት ንገሩት። ሲከፋው የሚቀመጥበት ጸጥ ያለ ጥግ ይኑረው። አርጩሜ ለማንም ልጅ አይሆንም፤ ለእሱ ደግሞ ሽብር ነው።

ደረጃ 11፦ የተናጠል ዕቅድና ምዘና

ለእያንዳንዱ ልጅ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ዕቅድ ጻፉ። ለመንፈቁ ሦስት ግብ ይበቃል፤ ከሦስቱ አንዱ ራሱን መቻል ላይ ይሁን። "ማንበብን ያሻሽላል" የሚል ግብ አይለካም። "እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከሀ እስከ በ ያሉትን በብሬይል ያነባል" የሚለው ይለካል። ወላጅ ይፈርምበት፤ በየወሩ እዩት።

ፈተና ላይ መንገዱን ቀይሩ፣ መመዘኛውን አትጣሉት። ለዓይነ ስውሩ ይነበብለት፤ እጁ ለሚንቀጠቀጠው በቃሉ ይጠየቅ፤ ቀስ ለሚጽፈው ተጨማሪ ሰዓት ይሰጥ። ለርኅራኄ ብሎ ማርክ ማደል ግን ልጁን መበደል ነው። ሳያነብ አራተኛ ክፍል ይደርስና እዚያ ይወድቃል።

ወላጆች ካርድ ሊወስዱ ሲመጡ "የእኔን ልጅ ወደ ኋላ እየጎተቱ ነው" የሚል ቅሬታ ይነሳል። አትከራከሩ። የልጃቸውን ደብተር አሳዩዋቸው፤ ክዳኑንና ቆርኪውን ሰጥታችሁ ልጃቸው እፊታቸው ደምራ ታሳያቸው።

ደረጃ 12፦ ለሁለተኛ ክፍል ማስረከብ (ሰኔ)

በበጋው የተሠራው ሥራ በክረምቱ እንዳይጠፋ፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ ከቀጣዩ መምህር ጋር ቁጭ በሉ። ምን እንደሠራ፣ ምን እንዳልሠራ፣ ከየትኛው ጓደኛው ጋር እንደሚግባባ፣ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደሚወስድ ንገሩት። አብረው የለመዱ ልጆች በሴክሽን ድልድል እንዳይበታተኑ ለዩኒት ሊደሩ (ለክፍሎቹ ኃላፊ) ስማቸውን ጽፋችሁ ስጡ። የአዲሱ ክፍል ቁጥር እንደታወቀ ሄዳችሁ እዩት፦ በሩን፣ ደረጃውን፣ ብርሃኑን፣ እስከ ሽንት ቤቱ ያለውን መንገድ። ፎቅ ላይ ከተመደበ በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ አመልክቱ፤ የመስከረሙ ድልድል ከወጣ በኋላ ማስቀየር ይከብዳል።